ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ፦ በሁከት ዘመን መንጋውን የጠበቁ እረኛ

ቤተ ክርስቲያን በሰላም ዘመን ብቻ የኖረችበት ጊዜ የለም። መንግሥት ሲለዋወጥ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ሰዓት መንጋውን ሰብስቦ መጓዝ የእረኛ ሁሉ ፈተና ነው። በየቁምስናው አደራ የተቀበልን ካህናት፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንና የማኅበር መሪዎችም ይህን ፈተና በየዐቅማችን እናውቀዋለን። ስለዚህ በአገራችን አቡነ ያዕቆብ ተብለው የሚታወቁትን የቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስን ሕይወት ከምእመናን ጋር ሆነን ልናስታውስ ወደድን።

ቅዱስ ዮስጢኖስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1800 በደቡብ ኢጣሊያ፣ ሳን ፌሌ በምትባል ተራራማ መንደር ተወለዱ። በ1818 በኔፕልስ ከተማ ቅዱስ ቪንሰንት ዘጳውሎስ ወደ መሠረተው የላዛሪስት ማኅበር ገቡ፤ በ1824 ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። በደቡብ ኢጣሊያ ገጠሮች ለድሆች ወንጌልን በመስበክና ኑዛዜ በመቀበል ብዙ ዓመታት ደከሙ። በ1836 እና በ1837 በኔፕልስ የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም ሕሙማንን በማገልገል ተጉ። እንግዲህ ለሐዋርያዊ ተልእኮ ወደ ኢትዮጵያ ሲላኩ ከመከራ ጋር አዲስ ትውውቅ አልነበራቸውም።

በ1839 ዓድዋ ሲደርሱ አገሪቱ በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። በጎንደር ያሉት ነገሥታት በስም ብቻ ነግሠው፣ እውነተኛው ሥልጣን እርስ በርስ በሚዋጉ መሳፍንት እጅ ወድቆ ነበር። ትግራይንና ስሜንን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነበሩ። መንበረ ጵጵስናው ደግሞ ከግብፅ ጳጳስ ሳይመጣለት ዓመታት አልፈዋል። ከውጭ የመጣን ካህን ሕዝቡ በጥርጣሬ ቢያይ የሚያስደንቅ አልነበረም።

አቡነ ያዕቆብ ግን ሥራቸውን በሕንፃ አልጀመሩም። አስቀድመው የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ፤ የቀረበላቸውን በሉ፤ በደሳሳ ቤት አደሩ። በ1840 መጀመሪያ በዙሪያቸው ለተሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች የመጀመሪያውን ንግግር ሲያደርጉ፣ የመጡት ስለሚወዷቸው መሆኑን ገለጹ፤ ቢፈልጓቸው እንደሚቆዩ፣ ባይፈልጓቸው ግን እንደሚሄዱ ነገሯቸው። መሪ ራሱን በሚመራቸው ሰዎች ፈቃድ ሥር ሲያኖር ምን ያህል እንደሚደፍር ልብ እንበል።

ብዙም ሳይቆይ ከባድ ምርጫ ገጠማቸው። ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ጳጳስ የሚያመጣ መልእክተኛ ቡድን ሲያዘጋጁ፣ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ጠየቋቸው። እምቢ ቢሉ የገዥውን ፊት ያጣሉ፤ ቢሄዱ ተልእኳቸው ከማይስማሙበት ጉዳይ ጋር ይቀላቀላል። ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት ለመነጋገር በር ይከፈት ይሆናል በሚል ተስፋ በ1841 ተጓዙ። በካይሮ ያገኙት አቀባበል ግን እንዳሰቡት አልነበረም። የተሾሙት ወጣቱ አቡነ ሰላማ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ ብርቱ ተቃዋሚያቸው ሆኑ። አቡነ ያዕቆብ ከመልእክተኞቹ ከፊሎቹን ይዘው ወደ ሮም ተሻገሩ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛም ተቀበሏቸው። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ተመለሱ።

በሰው ዐይን ሲታይ ያ ጉዞ ዓላማውን ስቷል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ከመልእክተኞቹ ከአንዱ ጋር ጽኑ ወዳጅነት ተመሠረተ። እርሳቸውም የጎጃሙ ተወላጅ፣ የመርጡለ ማርያም መነኩሴ፣ በሊቅነታቸው የታወቁት አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን በመፈለግ ብዙ ደክመው በ1844 ከካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ጋር ኅብረት አደረጉ። ከዚያም በዓዲግራት አቅራቢያ በጓላ ለተቋቋመው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ዐቢይ ረዳት ሆኑ።

በዚህ ትምህርት ቤት የአቡነ ያዕቆብ አስተዋይነት ጎልቶ ይታያል። የአገሩ ልጆች ክህነት ተቀብለው፣ የአባቶቻቸውን የግእዝ ሥርዓት ጠብቀው እንዲያገለግሉ ፈለጉ። በዚያ ዘመን ይህ ለብዙዎች ግልጽ አልነበረም፤ የላቲንን ሥርዓት ማስገባት ይቀላል የሚሉ ነበሩ። እርሳቸው ግን እንግዳ ካህን በማናቸውም ቀን ሊባረር እንደሚችል ያውቁ ነበር። እምነቱ በአገሩ ቋንቋ፣ ዜማና ካህን ከተተከለ እርሳቸው ቢሄዱ እንኳ ይኖራል። ስደቱ መጥቶ የጓላ ደቀ መዛሙርት በተበተኑ ጊዜ የዚህ አሳብ ትክክለኛነት ተገለጠ፤ ቤቱ ቢፈርስም የሰለጠኑት ሰዎች በየደረሱበት እምነታቸውን ይዘው ሄዱ።

ሹመትን በሚመለከትም ያሳዩት ትሕትና የሚደነቅ ነው። ሮም ለጵጵስና ብትመርጣቸውም ለረጅም ጊዜ አልቀበልም ብለው ቆዩ። በመጨረሻ ለመንጋው ካህናትን የሚሾም ጳጳስ እንደሚያስፈልግ ተረድተው እሺ አሉ። በጥር ወር 1849 በምጽዋ፣ ከስደት የተነሣ በስውር፣ በካፑቺኑ አቡነ ማስያስ እጅ ጵጵስና ተቀበሉ። በ1851 መጀመሪያም አባ ገብረ ሚካኤልን ካህን አድርገው ሾሙ፤ በዚያን ጊዜ አባ ገብረ ሚካኤል ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር።

በ1854 በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ደጃዝማች ካሣ ጎንደርን ይዘው አገሪቱን በአንድ መንግሥትና በአንድ ሃይማኖት ለመሰብሰብ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። ሁለቱ ወዳጆችም በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከወራት እስር በኋላ ወደ ሱዳን ድንበር ተባረሩ፤ ሆኖም በብዙ ድካም ዞረው ወደ ምጽዋ አካባቢ ተመለሱ። አባ ገብረ ሚካኤል ግን ግርፋትንና ሥቃይን ታግሠው፣ በሰንሰለት እንደታሰሩ ከሠራዊቱ ጋር ሲንገላቱ በ1855 በመንገድ ላይ ዐረፉ። መምህሩ ሲተርፉ ደቀ መዝሙሩ ቀደሟቸው። ከዚህ በኋላ ሥራውን ትተው ወደ አገራቸው ቢመለሱ ማን በወቀሳቸው? እርሳቸው ግን በሀላይና በምንኩሉ መካከል እየተመላለሱ የተበተኑትን ማጽናናትና ማስተማር ቀጠሉ።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1860 በሕመም ተዳክመው ከምንኩሉ ወደ ሀላይ ሲጓዙ፣ በዓሊጌዴ ሸለቆ በጽኑ ሙቀት መካከል በልጆቻቸው ተከብበው በሜዳ ላይ ዐረፉ። አስከሬናቸውም በአከለ ጉዛይ በሄቦ አርፏል። ቤተ ክርስቲያን አባ ገብረ ሚካኤልን በ1926 ብፁዕ ብላ ሰየመች፤ አቡነ ያዕቆብን ደግሞ በ1939 ብፁዕ፣ በ1975 ቅዱስ ብላ አወጀች። በሞቱ ጊዜ ጥቂት የነበረችው የግእዝ ሥርዓት መንጋም በ1961 አዲስ አበባ የሜትሮፖሊታን መንበር ስትሆን አስመራንና ዓዲግራትን በሥርዋ ይዛ ታየች።

ውድ ምእመናን፣ እኛም ብንሆን የምንመራው ማኅበር ሲናወጥ ቶሎ የምንጨነቀው ስለ ቤቱ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ስማችን ነው። የአቡነ ያዕቆብ ሕይወት ጥያቄውን ወደ ሌላ ይመልሰዋል፦ ነገ እኛ ባንኖር ሥራውን የሚቀጥል ማንን አስተምረናል? የአንድ ቁምስና ጽናት የሚለካው መምህሩ በታመመበት እሑድ ሕፃናቱን የሚያስተምር ሌላ ሰው በመገኘቱ ነው። ያቀድነው ሳይሳካ ሲቀርም ጉዞው ሁሉ ከንቱ ሆነ አንበል፤ ከካይሮው መንገድ አንድ ሰማዕት ተገኝቷልና።

በጽናታቸው እንድንጸና፣ በትሕትናቸው እንድንገራ፣ የቅዱስ ዮስጢኖስና የብፁዕ ገብረ ሚካኤል ጸሎት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።