አስናቀች ወርቁ፦ በክራርና በቴአትር መካከል ያልተከፈለች ሕይወት

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቴአትር ታሪክ ሲጻፍ አስናቀች ወርቁ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ትወሳለች፤ በመድረክ ላይ የተወነች የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ። የሙዚቃው ታሪክ በበኩሉ ክራር ተጫዋቿንና ድምፃዊቷን አጉልቶ ትወናዋን እንደ ትርፍ ነገር ያነሣዋል። በዚህ አከፋፈል እያንዳንዱ የጥናት ዘርፍ ግማሽ ሰው ይዞ ቀርቷል። የሕይወት ጉዞዋ ሲመረመር ግን አስናቀች ዘፈንን ትታ ወደ ትወና የተሻገረች አይደለችም። በቴአትር መድረክ ላይ ይዛው የወጣችው ክራር ያስተማራትን ጥበብ ነበር፤ ኅብረተሰቡም ለሁለቱ ሙያዎች ያስከፈላት ዋጋ አንድ ዓይነት ነበር።

አስናቀች በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ተወለደች። ጊዜው የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ የተቃረበበት፣ በመኮንን ሀብተ ወልድ መሪነትም የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተበት ነበር። ማኅበሩ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ለአገሩ ለማነሣሣት ሲቋቋም ቴአትር ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው እንግዳ ጥበብ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት ተውኔት በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ የመንግሥቱን አስተዳደር በመንቀፉ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ከዚያ በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ በትምህርት ቤት ያሳዩዋቸውን ተውኔቶች የተጫወቱት ወንዶች ተማሪዎች ነበሩ። በድርሰቱ ውስጥ ሴት ካለች አንድ ወጣት ቀሚስ ለብሶ፣ ሻሽ አስሮ ይወጣል። ልማዱ ከነጻነት በኋላም አልቀረም፤ በኋላ በልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ዝናን ያተረፈው ተስፋዬ ሳህሉ በወጣትነቱ የሴት ገጸ ባሕርያትን ይጫወት ነበር።

ሴቶች ከመድረክ ፈጽሞ ርቀው ነበር ማለት ግን አይደለም። ሀገር ፍቅር ውስጥ የሚዘፍኑና የሚወዛወዙ ሴቶች ነበሩ። የመጀመሪያዋ የሚለው ማዕረግ ይህን ልዩነት ስለሚሸፍነው ጥንቃቄ ያሻዋል። አዲስ የነበረው የሴት በሕዝብ ፊት መቆም ሳይሆን ሌላ ሰው ሆና መናገሯ ነው። ዘፋኝ በራሷ ስም ታዜማለች፤ ተዋናይት ግን በአደባባይ የማታውቀው ሰው ሚስት ትሆናለች፣ ትወሰልታለች፣ ታለቅሳለች። ተመልካቹ ገጸ ባሕርይንና ተዋናይን ለይቶ ማየት ባልለመደበት ዘመን ይህ ሁሉ በራሷ ሕይወት ላይ ይቆጠርባታል።

አስናቀች ይህን ድፍረት ያገኘችው ከየት ነው? መልሱ በአብዛኛው ከክራር ጋር የተያያዘ ይመስላል። በሰሜኑና በማዕከላዊው ደጋ ባህል የዜማ መሣሪያዎች እኩል ክብር የላቸውም። በገና የዳዊት መሣሪያ ተብሎ ለጸሎት ሲከበር፣ ክራር ግን ከመጠጥ ቤት፣ ከፍቅርና ከዓለማዊ ደስታ ጋር ተቆራኝቶ የሰይጣን መሣሪያ እስከመባል ደርሷል። መሰንቆ ባመዛኙ በወንድ አዝማሪ እጅ ነው። አዝማሪ የሚለው ቃል ራሱ ሙያን ከመግለጽ አልፎ መሳደቢያ ሆኖ ኖሯል። በላስታው ላሊበላ ስም የሚጠሩት፣ ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እያዜሙ ምጽዋት የሚቀበሉት ላሊበላዎችም በዚሁ ዕጣ ውስጥ ናቸው፤ ሕዝቡ ምርቃታቸውን ይሻል፣ ከእነርሱ ጋር መጋባትን ግን ይሸሻል። ድምፁ ተወዳጅ፣ ባለድምፁ የተናቀ የሚሆንበት ይህ ሥርዓት ክራር ይዛ የተቀመጠችን ወጣት ሴት ይበልጥ ያጠቃ ነበር። እናም አስናቀች ወደ ቴአትር ስትገባ የምታጣው የተከበረ ስም አልነበረም ማለት ይቻላል። ስሟን አስቀድሞ ክራሩ ወስዶታል።

ክራር የሰጣት ደግሞ ከወሰደባት ይበልጣል። ክራር እየመቱ በሰው መካከል ማዜም ቃል ከማጥናት ያለፈ ችሎታ ይጠይቃል። ተጫዋቿ የአድማጩን ፊት አንብባ እዚያው ስንኝ ትቋጥራለች፤ ሰሙን ለሁሉ፣ ወርቁን ለሚገባው ታደርሳለች፤ የት ላይ ዝም ማለት እንዳለባት ታውቃለች። ከወሎ አገሮች ስማቸውን የወሰዱት አምባሰልና ባቲ፣ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ጋር፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው የስሜት ዓለም አላቸው፤ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ስትሻገር ድምፅም ፊትም አብሮ ይለወጣል። አስናቀች በተለይ የምትታወቀው በንግግርና በዜማ መካከል በሚንሸራተት አዘፋፈኗና በሽሙጧ ነው። እነዚህ ሁሉ የተዋናይ መሣሪያዎች ናቸው። በአገሪቱ የትወና ትምህርት ቤት ባልነበረበት ጊዜ ለአንዲት ተዋናይት ከዚህ የተሻለ ዝግጅት ማሰብ ያስቸግራል።

ወደ ትወና የገባችው በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የቴአትር ክፍል በኩል ነው። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በመኮንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮን ተመርቆ ተከፈተ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ቡድንም ለአዲሱ ተቋም መሠረት ሆነ። አስናቀች በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው በዚህ ቤት የሕይወቷን ዋና ክፍል አሳለፈች። የቤቱ አሠራር ለእንደ እርሷ ያለ ባለሙያ የተመቸ ነበር፤ በአንድ ጣሪያ ሥር የባህል ሙዚቃ፣ ዘመናዊ ኦርኬስትራና ተውኔት ይኖሩ ስለነበር ዛሬ የተወነች ነገ ክራር ይዛ ብትቀርብ እንግዳ አይሆንም።

በሙዚቃው በኩል የነበረው አየር ግን ለክራር አይመችም ነበር። ከተማው የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎችን፣ ሳክስፎንና ትራምፔትን እየወደደ ሄዷል። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መባቻ የግል ሸክላ ማሳተም ከጀመረ በኋላ ዝናው ባመዛኙ ለባንድ ዘፋኞች ሆነ። አስናቀች በዚህ መካከል ክራሯን አላስቀመጠችም። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ያስቀረጸቻቸው ሥራዎች ድምፅና ክራር እንዴት በራሳቸው ሊቆሙ እንደሚችሉ ያሳያሉ፤ ከዚሁ ዘመን ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፣ ተማረ ሐረጉ በድራም ያጀቧት ቅጂም አለ። በዚህ ቅጂ ውስጥ የሚገርመው መሣሪያዎቹ ክራሩን አለመዋጣቸው ነው፤ ኦርጋኑ ከእርሷ ስንኝ ኋላ ኋላ ይሄዳል፣ ፍጥነቱን የምትወስነው እርሷ ናት። ይህን ያደረገ ሰው መድረክን መምራት የለመደ መሆኑን ለመገመት ታሪኩን ማወቅ አያስፈልግም።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊው የከተማዋን የምሽት ሕይወት አዳከመው፤ የሸክላ ኅትመትም በአሥርቱ መጨረሻ ቆሞ ካሴት ተተካ። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች።

ከሞቷ በፊት በ2003 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ የሚታተመው ኢትዮፒክ የተሰኘው ተከታታይ አሥራ ስድስተኛውን አልበም ሙሉ በሙሉ ለእርሷ ሰጥቷል፤ ከኃይሉ መርጊያ ጋር የሠራችው ቅጂም በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ እንደገና ታትሟል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ ራሔል ሳሙኤል አስኒ የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም ለእይታ አቀረበች። የአስናቀች ታሪክ ለሁለት የተከፈለበት ምክንያት ከዚህ ዝርዝር ይነበባል። ድምፅ በሸክላ ተቀረጸ፤ ሸክላው ባሕር ተሻግሮ ሰብሳቢ አገኘ፤ ሰብሳቢውም አሳታሚ ሆነ። የ1940ዎቹና የ1950ዎቹ ቴአትር ግን በአብዛኛው በፊልም አልተቀረጸም፤ የቀሩት የጽሑፍ ድርሰቶች፣ ፎቶግራፎችና የተመልካች ትዝታ ናቸው። ስለዚህ የዛሬ አድማጭ በፓሪስም ሆነ በአዲስ አበባ ክራሯን ሊሰማ ይችላል። በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሴት ሆና ስትናገር የተሰማውን ድምፅ ግን እዚያ ከተቀመጡት በቀር የሰማው የለም።