ጄፍሪ ሃሪስ እና ወደ ፒቱታሪ የሚወርዱት ደም ስሮች

ፒቱታሪ ድሮ የዕጢዎች አለቃ ይባል ነበር፤ የመራቢያ አካላትን በሆርሞኖቹ የሚያዝ እሱ ነውና። አለቃውንስ ማን ያዘዋል? ዕድሜውን በዚህ ጥያቄ የጨረሰው እንግሊዛዊው ጄፍሪ ሃሪስ ነው።

በ1913 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለንደን ተወለደ፤ ካምብሪጅ ተማረ። በ1937 የጥንቸሎችን ሃይፖታላመስ በኤሌክትሪክ ቀስቅሶ እንቁላል እንዲለቁ ማድረጉን አሳተመ። ነገር ግን የፒቱታሪ የፊተኛው ክፍል ይህ ነው የሚባል ነርቭ የለውም። ታዲያ ትእዛዙ በምን ይደርሳል? ሃሪስ በደም ነው አለ፤ ሁለቱን በሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ስሮች።

ሁሉም አላመነውም። ሶሊ ዙከርማን፣ ግንኙነቱ የተቆረጠባቸው ፌሬት የሚባሉ ትንንሽ እንስሳት ለመራባት ሲነሳሱ አይቻለሁ ብሎ ተሟገተው። ሃሪስ ግን የተቆረጠው ደም ስር ተመልሶ እንደሚበቅል ስለደረሰበት በመሃል መጋረጃ ያስገባ ጀመር። በ1952 ደግሞ ከዶራ ጃኮብሰን ጋር የአይጦችን ፒቱታሪ አውጥተው ሌላ ተከሉ። ከሃይፖታላመስ ሥር የተተከለው ሠራ፣ አይጦቹም ወለዱ፤ ራቅ ብሎ የተተከለው ግን ምንም አልፈየደም። እንደኔ ከሁሉም የሚያሳምነው ይሄ ነው።

ሃሪስ በ1971 አረፈ። የመልእክተኛው ሆርሞን፣ የጂኤንአርኤች፣ አወቃቀር የታወቀው በዚያው ዓመት ነው። የ1977ቱን ኖቤል ጊልሚንና ሻሊ ከሮዛሊን ያሎው ጋር ተካፈሉ።

ግሊያ ሴሎች ያኔ እንደ ደጋፊ ብቻ ነበር የሚታዩት። በኋላ እነ ሰርጅዮ ኦጄዳ ሲያጠኗቸው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አስትሮሳይቶች ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ለቀው የጂኤንአርኤች ነርቭ ሴሎችን ያነቃቃሉ። ታኒሳይቶች ደግሞ ሃሪስ ከተከራከረላቸው ደም ስሮች ደጃፍ ላይ የነርቮቹን ጫፍ ጠቅልለው ይይዛሉ፤ በአይጦች እንደታየው፣ እንቁላል ሊወጣ ሲልና ኤስትሮጅን ሲጨምር እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው መንገዱን ይለቃሉ።