ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፦ በጥቂት መኖርን የተማረ ሕይወት

ከቢቸና ወደ ሰሜን፣ ከሞጣም ወደ ደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በጥንታዊው የመርጡለ ማርያም ገዳም አቅራቢያ ዲቦ የምትባል መንደር አለች። ቤተ ክርስቲያናችን በ1926 የብፅዕና ማዕረግ የሰጠቻቸው አባ ገብረ ሚካኤል የተወለዱት በ1791 ገደማ በዚያች መንደር ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እናቀርባለን)። አንድ ዓይናቸው ገና በልጅነታቸው ጠፍቶ ነበር።

በዚያ አገር ልጅ ቁጠባን ከወላጆቹ የሚማረው በስብከት አይደለም። የተረፈ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን፣ የተሰነጠቀ ቅል ሲሰፋ፣ ያረጀ ጋቢ ለሕፃን መጠቅለያ ሲውል እያየ ያድጋል። የቆሎ ተማሪነት ደግሞ ይህንኑ ያጸናዋል። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ የዕለት ቁራሹን ለምኖ ይማራል። ቀለሙ ከጥቀርሻ፣ ብርዑ ከመቃ ይዘጋጃል። ብራናው የከብት ነፍስ የጠፋበት ስለሆነ፣ ጸሐፊው ቢሳሳት ስሕተቱን ፍቆ በዚያው ላይ ይጽፋል እንጂ ቆዳውን አይጥልም። አባታችንን ያሳደገቻቸውና ያስተማረቻቸው የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ልንዘነጋ አይገባም።

በ25 ዓመታቸው ገደማ ከመነኰሱ በኋላ የምንኵስናን ሥርዓት የሚገልጹ መጻሕፍትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ፤ ጎንደርም ደረሱ። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሲሄዱ ከአቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተዋወቁ፤ ሮምንና ኢየሩሳሌምንም አይተው ተመለሱ። በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ከዚያም ለአገሩ ሰው የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀትና ለክህነት የሚታጩትን በማስተማር ደከሙ። ካቴኪስቶቻችን በእጃቸው የሚይዙት መጽሐፍ አጀማመሩ ይህን ይመስል ነበር።

በዚያን ጊዜ ወደ አውሮፓ የሚላክ ደብዳቤ እስከ ምጽዋ የሚደርሰው በመልእክተኛ እጅ ነው። የአገራችን የመጀመሪያ ቴምብሮች ታትመው የመጡት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 ነው። ነገሩን ካነሣን ዘንድ፣ በደብዳቤ ዘመን ያደጉ ብዙ ወላጆች የደረሳቸውን ፖስታ ገልብጠው እንደገና ይጠቀሙበት ነበር፤ ይህ የሚመሰገን ልማድ ነው። ማኅተም ሳያርፍበት ያመለጠውን ቴምብር በውኃ ነክሮ፣ አላቅቆ ለሁለተኛ ጊዜ መለጠፍ ግን፣ ቁጠባ ቢመስልም፣ የሚገባውን ዋጋ ማስቀረት ነው። በአውሮፓ ያሉ ምእመናን ማኅተም ያረፈባቸውን ቴምብሮች እየሰበሰቡ በመሸጥ ገንዘቡን ለሚስዮን ሥራ ሲያውሉት ኖረዋል፤ ያገለገለውን ዳግመኛ ማገልገል ማለት ለእኛ እንዲህ ያለው ነው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1851፣ በስልሳ ዓመታቸው ገደማ ቅስና ተቀበሉ። በ1854 በጎንደር ታስረው እግራቸው በግንድ ተጠረቀ። እምነታቸውን እንዲተዉ ደጋግመው ተጠየቁ፤ ተገረፉም፤ አልተዉም። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጥቂት የኖረን ሰው በረኃብ ማስፈራራት ያስቸግራል ብለን እንገምታለን፤ ምንም እንኳ ጽናቱ ከጸጋ እንጂ ከልማድ ብቻ ባይሆንም። በግንቦት 1855 ሞት ሲፈረድባቸው የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ እርሳቸው ለመነ፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ በሰንሰለት እንደታሰሩ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ተጓዙ። ነሐሴ 28 ቀን 1855 ጨረጫ ገባባ በተባለ ቦታ ታመው ዐረፉ፤ በመንገዱ ዳር ተቀበሩ። የመቃብራቸው ስፍራ እስከ ዛሬ አልተገኘም።