ቅጠሉን የመዘነው ሐኪም

ነገሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ሌሊቱን ሲያስመልሳት አድሮ ጠዋት ነጩ መጋረጃ ቢጫ ሆኖ እንደሚታያት ነገረችኝ። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማ ከሴ ጨምቆ ሰጥቷት ነበር። ሐኪም ቤት ስንደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ለልብ ድካም የታዘዘላትን ዲጎክሲን መዋጧን እየረሳች ለቀናት ደጋግማ ወስዳው ኖሯል። የአንዱ ክኒን መድኃኒት ሩብ ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ማስታወክና ነገሮች ቢጫ መስለው መታየት የመድኃኒቱ መብዛት ምልክቶች መሆናቸውን ሐኪሙ አስረዱን።

እናቴ ከዳነች በኋላ የዚያን ክኒን ነገር ሳነብ መነሻው ቅጠል ሆኖ አገኘሁት። ቢጫ መታየቱንም እ.ኤ.አ. በ1785 ጽፎ ያስቀመጠ ሐኪም አለ። ለዛሬ የእርሱን ታሪክ ላጫውታችሁ (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ዊልያም ዊዘሪንግ በ1741 በእንግሊዝ ሽሮፕሺር፣ ዌሊንግተን በምትባል ከተማ ተወለደ። የመድኃኒት ቀማሚ ልጅ ነው። በ1766 ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ። የሚገርመው በተማሪነቱ የዕፅዋትን ትምህርት አይወድም ነበር። ቅጠል መልቀም የጀመረው ስታፎርድ ከተማ ሲሠራ ሔለና ኩክስ የምትባል ታካሚው አበባ መሳል ትወድ ስለነበር ለእርሷ ሲል ነው። በ1772 ተጋቡ። ፍቅር ለሳይንስ የዋለውን ውለታ የሚቆጥር ካለ ይህችን እንዳይዘነጋ።

በ1775 ስለ አንድ የቤተሰብ መድኃኒት አስተያየቱን ተጠየቀ። አንዲት የሽሮፕሺር አሮጊት በምስጢር ይዛው የኖረች መድኃኒት ነው። ሰውነታቸው ውኃ ቋጥሮ ያበጠ፣ ሐኪሞች ያቃታቸውን ሰዎች ጭምር ታድንበት ነበር። ውስጡ 20 እና ከዚያ በላይ ዓይነት ዕፅዋት ነበሩበት። ዊዘሪንግ ዕፅዋት ያውቅ ነበርና ሥራውን የሚሠራው አንዱ ብቻ መሆኑን ለመገመት አልተቸገረም። እርሱም ፎክስግላቭ የሚባለው፣ ደወል የመሰሉ ሐምራዊ አበቦች ያሉት መርዛማ ተክል ነው። የአሮጊቷ ስም አልተመዘገበም። አንዳንድ ጽሑፎች እናት ሃተን ቢሏትም ስሙ የመጣው አንድ የአሜሪካ መድኃኒት አምራች በ1928 ካወጣው ማስታወቂያ ነው።

ተክሉን መለየቱ ግን ቀላሉ ሥራ ነበር። ዊዘሪንግ ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ፈጅቶበታል። በሚሠራባት በርሚንግሃም በየዓመቱ ከ2,000 እስከ 3,000 የሚደርሱ ድሆችን በነፃ ያይ ስለነበር የሚከታተለው ሕመምተኛ አላጣም። መጀመሪያ ላይ መጠኑን አብዝቶ ሰዎችን አሰቃይቷል። ቀቅሎም ሞከረ፤ ዘፍዝፎም ሞከረ። ሥሩ እንደየወቅቱ ኃይሉ ስለሚለዋወጥበት ተወው። በመጨረሻ የረጋው በቅጠሉ ዱቄት ላይ ነው። ቅጠሉ ተክሉ ማበብ ሲጀምር ይለቀማል፤ ግንዱና የመሐል ጅማቱ ይወገዳል፤ በፀሐይ ወይም በእሳት ዳር ደርቆ ይደቅቃል። ለአዋቂ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በዛሬ መለኪያ ከ65 እስከ 200 ሚሊ ግራም ቢሆን ነው፤ በቀን ሁለቴ። ሽንት ሲበዛ፣ ሆድ ሲታወክ ወይም የልብ ምት ሲቀንስ ወዲያው ይቆማል። ለእኔ ትልቁ ግኝቱ ይኸው መቼ እንደሚቆም ማወቁ ነው።

በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ከ150 በላይ ሕሙማንን ታሪክ አንድ በአንድ ዘረዘረ። የዳኑትን ብቻ አልመረጠም፤ ያልተሳካለትንም፣ የሞተበትንም ጽፏል። ቀደም ብሎ በ1780 የወዳጁ ኢራስመስ ዳርዊን (የታዋቂው ቻርልስ ዳርዊን አያት) ስለዚሁ ተክል ሲያሳትም የዊዘሪንግን ስም ሳያነሳ በማለፉ ወዳጅነታቸው ሻክሯል። ዊዘሪንግ ለዓመታት በሳንባ ሕመም ተሠቃይቶ በ1799 በ58 ዓመቱ አረፈ። በመታሰቢያ ሐውልቱ ላይ ፎክስግላቭ ተቀርጾበታል።

እርሱ መድኃኒቱ በዋናነት ሽንት የሚያሸና ይመስለው ነበር፤ ልብ ላይ ኃይል እንዳለው ግን አስተውሏል። ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ስኳር የተያያዘባቸው ስቴሮይዶች መሆናቸው የታወቀው ከእርሱ በኋላ ነው። የልብ ጡንቻ ሴሎች ሶዲየም የሚያስወጡበትን ፓምፕ ይገታሉ፤ ካልሲየም በሴሉ ውስጥ ይከማቻል፤ ልብ በርትቶ ይመታል። ደሙ በደንብ ሲዘዋወር ኩላሊት የተቋጠረውን ውኃ ያስወግዳል። የእናቴን ዲጎክሲን ሲድኒ ስሚዝ የተባለ ኬሚስት በ1930 ለይቶ ያወጣው ከፎክስግላቭ የቅርብ ዘመድ ቅጠል ነው። የሚያድነውና የሚመርዘው መጠን ግን ዛሬም የተቀራረበ ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ የእኛዎቹ ቅጠሎች ትዝ አሉኝ። ዳማ ከሴውን፣ ጤና አዳሙን ቤታችን ውስጥ የምንለካው በእፍኝና በስኒ ነው። በስንተኛው ወር እንደተለቀመ፣ ጥላ ይሁን ፀሐይ ላይ እንደደረቀ ማን ይጠይቃል? ቅጠል ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ መለየት ጥሩ ጅምር ነው። አንድ ስኒ ለማን እንደሚበዛበት ግን አይነግረንም። ለዚያ እንደ ዊዘሪንግ ሕመምተኛው አጠገብ ተቀምጦ፣ ያልተሳካውንም ሳይደብቁ መመዝገብ ያስፈልጋል።

እናቴ አሁን ክኒኖቿን የሰባቱ ቀናት ስም በተጻፈባት ሳጥን ትደረድራለች። የክኒኑን ታሪክ ሳጫውታት ስለ ሐኪሙ ብዙም አልጠየቀችኝም። ማወቅ የፈለገችው የአሮጊቷን ስም ነበር።