ፒዮትር ክሮፖትኪን

ፒዮትር ክሮፖትኪን (ከ1842 እስከ 1921 እ.ኤ.አ.) የሩስያ የመልክዓ ምድር ተመራማሪ፣ ጸሐፊና የአናርኪዝም ፈላስፋ ነበር። አናርኪዝም ከግሪክኛ የመጣ ቃል ሲሆን መሠረቱ «ያለ ገዥ» ማለት ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ሥርዓተ አልበኝነት» ተብሎ ይተረጎማል። ክሮፖትኪን ግን ሥርዓት ይጥፋ አላለም፤ ትምህርቱ ሥርዓት በመንግሥት ትእዛዝ ፈንታ በሰዎች የፈቃድ ስምምነት ይቁም የሚል ነበር።

ሕይወት

ክሮፖትኪን በሞስኮ ከመሳፍንት ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በሦስት ግዛቶች ወደ 1,200 የሚጠጉ ወንድ ሰርፎች (ከመሬቱ ጋር የተቆራኙ ገባሮች) ነበሩት። በሴንት ፒተርስበርግ በመኳንንት ልጆች ወታደራዊ ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ፣ በ1862 በራሱ ምርጫ በሳይቤሪያ ለማገልገል ሄደ። በዚያ ለአምስት ዓመታት ያህል ሲቆይ ብዙ የምርምር ጉዞ አደረገ። የአስተዳደር ማሻሻያዎች በወረቀት ላይ ሲቀሩ፣ ተራ ሰዎች ግን ተስማምተው ሥራቸውን ሲያከናውኑ ተመለከተ። በመንግሥት ላይ የነበረውን እምነት ያጣው በሳይቤሪያ እንደሆነ በኋላ ጽፏል።

በ1872 ወደ ስዊዘርላንድ ተጉዞ የዩራ ተራሮችን ሰዓት ሠሪዎች ማኅበር ካየ በኋላ አናርኪስት ሆነ። በ1874 በሩስያ ታሰረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከወታደሮች ሆስፒታል አምልጦ ተሰደደ። በፈረንሳይም እስከ 1886 ድረስ ከታሰረ በኋላ በእንግሊዝ አገር ሠላሳ ዓመት ያህል ኖረ።

ሐሳቡ

«መረዳዳት» በተባለው መጽሐፉ (1902) ከፉክክር ይልቅ መተጋገዝ እንስሳትንም ሰዎችንም ለህልውና እንደሚረዳ ተከራከረ። መንግሥት የሌለው ማኅበረሰብ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ምሳሌዎቹን ከዘመኑ ወሰደ፦ የአውሮፓ የባቡር ኩባንያዎች ያለ አንድ የበላይ አዛዥ ተስማምተው ባቡሮችን ከአገር አገር ያሳልፉ ነበር፤ በእንግሊዝም በባሕር አደጋ የደረሰባቸውን የሚያድን የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነበር። ተቺዎች ግን ሰነፉን ማን ያሠራዋል፣ ወንጀለኛውንስ ማን ይዳኘዋል ይላሉ። እርሱም አብዛኛው ስንፍና ከማይስማማ ሥራና ከድካም፣ አብዛኛው ወንጀል ከሀብት አለመመጣጠን እንደሚመነጭ፣ እስር ቤትም ሰውን እንደሚያበላሽ መለሰ። ኩባንያዎቹ የተዋዋሉት ፍርድ ቤትና ፖሊስ ባሉበት አገር መሆኑን ለሚያነሱ ሰዎች ግን ምሳሌው በቂ ማስረጃ አይደለም።

የመጨረሻ ዓመታት

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ክሮፖትኪን ከጀርመን ጋር የሚዋጉትን አገሮች ደገፈ። መንግሥትን ሲቃወም የኖረ ሰው በመንግሥታት ጦርነት ወገን መያዙ እንደ ጣልያናዊው ኤሪኮ ማላቴስታ ካሉ የትግል ጓዶቹ ለየው። በ1917 ወደ ሩስያ ተመልሶ የቀረበለትን የሚኒስትርነት ሹመት እምቢ አለ። ቦልሼቪኮች ሥልጣን ከያዙ በኋላ በ1919 ከሌኒን ጋር ተገናኘ፤ በ1920 በጻፈለት ደብዳቤ ሰዎችን በመያዣነት ማሰርን አጥብቆ ነቀፈ።

በየካቲት 1921 እ.ኤ.አ. ከሞስኮ በስተሰሜን በምትገኘው በድሚትሮቭ ሞተ። ለቀብሩ ብዙ ሺህ ሕዝብ በሞስኮ ወጣ፤ ጥቂት እስረኛ አናርኪስቶችም ለቀብሩ ብቻ ተፈትተው ነበር። ዛሬ በሞስኮ አንድ የምድር ባቡር ጣቢያ በስሙ ይጠራል።