ነፋስን ያጠና አዳኝ፤ የጂም ኮርቤት ታሪክ

አዳኝ ሲባል ብዙዎቻችን ጠመንጃ አንግቶ በዱር የሚሮጥ ጀግና ይታየናል። የጂም ኮርቤትን የሕይወት ታሪክ ስንመረምር ግን የአዳኝ ታላቁ መሣሪያ ትዕግሥትና ማስተዋል መሆኑን እንረዳለን። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ታሪኩን በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኮርቤት በ1875 ዓ.ም. በሰሜን ህንድ፥ በሂማላያ ተራሮች አጠገብ በምትገኘው በናይኒታል ከተማ ተወለደ። የፖስታ ቤት ሹም የነበረው አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። ልጁ ግን በዱር እየዋለ የወፎችን ድምፅና የአራዊትን ዱካ ለይቶ ማወቅን ተማረ። ካደገም በኋላ ሞካሜ ጋት በሚባል ስፍራ ከሃያ ዓመት በላይ በባቡር ሐዲድ ሥራ ኖረ።

በዚያ ዘመን በኩማኦን አውራጃ፥ በቻምፓዋት አካባቢ፥ 436 ሰው እንደ ገደለች የሚነገርላት አንዲት ታይገር ነበረች። ታይገር ማለት ጠጕሩ በጥቁር መስመር የተዥጐረጐረ ታላቅ የእስያ አውሬ ነው። ኮርቤት እንዲገድላት በተጠየቀ ጊዜ፥ ለገዳይዋ የተመደበው ሽልማት እንዲሰረዝና ሌሎቹ አዳኞች ሁሉ ከስፍራው እንዲነሡ አሳሰበ። በ1907 ዓ.ም. ከገደላት በኋላ አፏን ቢመረምር፥ የቀኝ ክራንቻዎቿ በቆየ የጥይት ምት ተሰብረው አገኘ። እንግዲህ ያችን አውሬ ሰው በላ ያደረጋት የራሱ የሰው ጥይት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ነፋሱ ነገር እንምጣ። ማድፈጫ የሚሠራ አዳኝ ሁሉ አስቀድሞ ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ ይመረምራል። ነፋሱ ከአዳኙ ወደ አውሬው የነፈሰ እንደ ሆነ፥ የሰው ሽታ ቀድሞ ይደርስና አውሬው ይሸሻል። ስለዚህ ነፋሱ ከአውሬው መንገድ ወደ አዳኙ በሚመጣበት በኩል መቀመጥ ያስፈልጋል። በተራራ አገር ደግሞ ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ነፋሱ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲመሽና ሲቀዘቅዝ ቁልቁል ይወርዳል። በቀትር ነፋስ የተመረጠ ቦታ ለሌሊት ላይሆን ይችላል።

ኮርቤት ከዚህ አልፎ ሌላ ነገር አስተዋለ። ታይገር የሰው አፍንጫ ደካማ መሆኑን አያውቅም። ስለዚህ ሰውንም እንደ ዱር እንስሳ ቈጥሮ፥ ሽታው እንዳይታወቅበት፥ ነፋሱ ከሰውየው ወደ እርሱ በሚነፍስበት በኩል ያደባል። እንግዲህ ነፋሱን ያወቀ አዳኝ አደጋው ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። ኮርቤትም ነፋሱ ከፊቱ ሲመጣበት አደጋው በስተጀርባው መሆኑን ተረድቶ በቀጥታ አይሄድም ነበር፤ ነፋሱን እያቋረጠ፥ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ እያለ፥ አደጋውን ከጀርባው ወደ ጎኑ ያመጣው ነበር።

ትዕግሥቱ ይበልጥ የታየው በሩድራፕራያግ ነው። በዚያ ከ1918 እስከ 1926 ዓ.ም. አንድ ነብር 125 ሰው ገደለ። ወደ ኬዳርናትና ወደ ባድሪናት የሚሄዱ ተሳላሚዎች ሲመሽ ከማደሪያቸው መውጣት ፈሩ። ኮርቤት በመንገዱ አጠገብ ባለ የማንጎ ዛፍ ላይ፥ የአገራችን ገበሬ ሰብሉን ለመጠበቅ እንደሚሠራው ያለ ማማ አዘጋጅቶ፥ ከሥሩ ደወል ያንገቷ ፍየል አስሮ ብዙ ሌሊት ተቀመጠ። በመጨረሻ በ1926 ዓ.ም. በአንድ ጨለማ ሌሊት ደወሉ አቃጨለ፤ ነብሩም ተገደለ።

በኋላ ኮርቤት ከጠመንጃ ይልቅ የፊልም ካሜራ ወደደ። የካሜራው ድምፅ አራዊቱን እንዳያስደነብር፥ ትንሽ ወንዝ እየገደበ ውሃው እንዲጮኽ እስከ ማድረግ ደረሰ። ስለ ዱር አራዊት መጠበቅም አጥብቆ ይናገር ነበር። በ1936 ዓ.ም. በህንድ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበረ። በ1947 ዓ.ም. ከእኅቱ ከማጊ ጋር ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ ሄዶ በኒዬሪ ተቀመጠ፤ በ1955 ዓ.ም.ም በዚያው ሞተ። ከዚህ በኋላ ፓርኩ በስሙ ተጠራ።

እኛ ተማሪዎች ከዚህ ሰው የምንማረው ብዙ ነው። በማይታየው ነፋስ ላይ ያደረገው ጥናት ሕይወቱን ጠብቆለታል፤ ብዙ መንደሮችንም ከሞት አድኗል። የገደላቸውን አራዊት ቍስል መመርመሩ ደግሞ የአራዊት ጠበቃ አደረገው። ዕውቀት ፍርሃትን ያርቃል፤ ከዚያም አልፎ ርኅራኄን ያስተምራል።