ኢብኑል ሀይሠም፦ ከዓባይ ጎርፍ እስከ በረዶ ደመና

በዚህ እትም የሐሰን ኢብኑል ሀይሠምን ሕይወት መርጠናል። ታሪካቸው ከእኛው ወንዝ ጋር መገናኘቱ አንዱ ምክንያታችን ነው።

በ965 (እ.ኤ.አ.) በበስራ ተወለዱ። ታሪክ ጸሐፊው አል-ቂፍጢ እንደሚተርከው፣ የዓባይን ውሃ ለግብጽ በሚጠቅም መንገድ መግራት እንደሚቻል መናገራቸውን የፋጢሚዮቹ ገዥ አል-ሓኪም ሰምቶ ወደ ካይሮ አስጠራቸው። ያ የክረምት ሙላት በአብዛኛው ከእኛ ደጋ ይነሳል፤ ከደጀን በታች ያለውን ገደል ያየ ሰው ጉልበቱን ያውቃል። ኢብኑል ሀይሠም ባለሙያዎች አስከትለው ከአስዋን በስተደቡብ እስካለው ፏፏቴ ወረዱ። በመንገዳቸው ያዩት የጥንት ግብጻውያን ሕንጻ ግን አሳሰባቸው። ይህን ያህል የተራቀቁ ሰዎች፣ ቢቻል ኖሮ ወንዙንም ይገሩት ነበር ብለው ደመደሙና ተመልሰው እንደማይሆን ተናገሩ። ምህንድስና ለምንማር ሰዎች ይህ ቦታ ከባድ ነው፤ በሹም ፊት አይሠራም ማለት ከስሌቱ ይብሳል።

አል-ሓኪም ሹመት ሰጣቸው፤ ቁጣው ግን አይታመንም ነበር። ስለዚህ እብድ መሰሉ፤ ንብረታቸው ተይዞ በቤታቸው ታገቱ። ገዥው በ1021 ሲሞት እብደቱን ትተው ከአል-አዝሀር አጠገብ ተቀመጡ። የሂሳብና የሥነ ፈለክ መጻሕፍትን በእጃቸው እየገለበጡ በዓመት 150 ዲናር በሚያገኙት ገቢ ኖሩ።

ሰባት ክፍል ያለው ኪታቡል መናዚር ስማቸውን አስጠራ። ዓይን ጨረር አይልክም፤ የምናየው ከነገሩ የመጣ ብርሃን ዓይናችን ውስጥ ሲገባ ነው ብለው በሙከራ አስረዱ። ሌላም ነገር ጻፉ፦ ብርሃን ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ስሜታችን ግን አይደርስበትም።

ዛሬ ያንን ጊዜ የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ሊዳር ይባላል። የአሜሪካና የፈረንሳይ የጠፈር ተቋማት በ2006 ያመጠቁት ካሊፕሶ የተባለ ሳተላይት እስከ 2023 ድረስ በሰከንድ 20 ጊዜ የሌዘር ብርሃን ወደ ምድር ይልክ ነበር። ብርሃኑ ደመና ሲነካ ጥቂቱ ወደ ላይ ይመለሳል። የመመለሻው ጊዜ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ከተለያየ የከፍታው ልዩነት 150 ሜትር ነው። ክብ የውሃ ጠብታ የብርሃኑን የንዝረት አቅጣጫ እንዳለ ይመልሳል፤ ማዕዘን ያለው የበረዶ ቅንጣት ግን ያዛባዋል። በዚህ ይለያሉ።

በደብረ ማርቆስ ሰማይ አንዳንዴ ፀሐይን ወይም ጨረቃን ቀለበት ሲከባት እናያለን። የሚሠራው ይህ ስስ የበረዶ ደመና ነው። ከላይ በተራ ካሜራ ቢነሳ ከሥሩ ያለው መሬት ብቻ ሊታይ ይችላል። የፀሐይን ብርሃን ያሳልፋል፣ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ግን ይይዛል፤ ምን ያህል እንደሚያሞቅ ለማስላት ከፍታውን ማወቅ ግድ ነው። ኢብኑል ሀይሠም ራሳቸው ስለዚህ ቀለበትና ስለ ቀስተ ደመና አንድ ድርሳን ጽፈዋል። የቀስተ ደመናውን ማብራሪያ ከእርሳቸው በኋላ ከማሉዲን አል-ፋሪሲ በውሃ በተሞላ የብርጭቆ ኳስ ሞክሮ አረመው።

በ1040 አካባቢ በካይሮ አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።